የወላጆቻችን ውክልና በማን እጅ ነው?

በአዲስ አበባ በአንድ ዕድር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ዲስኩር



ኮሚቴው የላከልኝ የጥሪ ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ይዞ ነበር። «ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ሰው በሕይወት እያለ፣ ጉልበቱና ልቡናው ሲደክም፣ በሰጠው ውክልና ንብረቱ ሲወሰድበት ግን ምን ልናደርግ እንችላለን?» ይላል። በጥብቅና ሥራዬ ይህን ጥያቄ የምሰማው ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ ወንድምና እኅት ተጣልተው ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ሲቆሙ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ጠይቃችኋል። ስለዚህ ከልብ አመሰግናችኋለሁ።

የዛሬው ነገሬ አቅም ያነሰው ዘመድ፣ ማለትም ያረጀ ወላጅ፣ የታመመ ወንድም፣ ዐይኗ የደከመ አክስት፣ የሰጡት ውክልና መጥፊያቸው እንዳይሆን ስለምናደርገው ጥበቃ ነው። በመጀመሪያ ሕጉ ስለ ውክልና ምን እንደሚል በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ አደጋው መቼና በየት በኩል እንደሚገባ አሳያችኋለሁ። በመጨረሻም ምን እንደምናደርግ እንነጋገራለን። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ቃል ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁና፦ ውክልና አደራ ነው፤ ርስት አይደለም።

ውክልና በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ጉልበታቸው የደከመ እናት ጡረታቸውን ለመቀበል ባንክ ወረፋ መቆም፣ ስለ ግብር ወረዳ መመላለስ፣ ከተከራይ ጋር መጨቃጨቅ አይገባቸውም። ልጃቸው በውክልና ቢሠራላቸው እሰየው ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ለወላጆቻቸው በታማኝነት ሲሮጡ የኖሩ ልጆች ተቀምጠዋል። የእኔ ንግግር የእነሱን አንገት የሚያስደፋ አይደለም። እንዲያውም ወደ በኋላ እንደምታዩት፣ የምመክረው ጥንቃቄ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ታማኙን ልጅ ነው።

እንግዲህ ወደ ሕጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውክልና ከአንቀጽ 2179 ጀምሮ በስፋት ይደነግጋል። ሕጉ አሮጌ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ደካማውን ለመጠበቅ በቂ አጥር አለው። ችግሩ አጥሩን በገዛ እጃችን ማፍረሳችን ነው።

አጥሩ ምንድን ነው? በአንቀጽ 2203 እና 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ተወካዩን አስተዳዳሪ ብቻ ያደርገዋል። ቤቱን ይጠብቃል፣ ያሳድሳል፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ያከራያል፣ ለወካዩ የሚከፈለውን ይሰበስባል፣ የወካዩን ዕዳ ይከፍላል። ከዚህ አልፎ ቤት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ለመክሰስና ለመታረቅ ግን አንቀጽ 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ማለትም ሕጉ ራሱ «ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ወካዩ አስቦበት፣ ለይቶ ካልጻፈው በቀር አልቀበልም» ይላል።

አሁን በየደጁ የሚሆነውን ተመልከቱ። እናት «ልጄ ጡረታዬን ይቀበልልኝ፣ የሰርቪስ ቤቱን ኪራይ ይሰብስብልኝ» ብለው ይወጣሉ። ኮምፒውተር ቤት ያለው ጸሐፊ ያለቀለት ቅጽ አለው። ስም ብቻ ቀይሮ ያትመዋል። በዚያ ቅጽ ላይ «የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ፣ ከባንክ ሒሳቤ ገንዘብ እንዲያወጣ፣ ሌላ ሰው እንዲወክል» የሚል ረጅም ዐረፍተ ነገር ተሰክቷል። እናት ጡረታ ለማስቀበል ወጥተው ቤታቸውን የመሸጥ ሥልጣን ፈርመው ይመለሳሉ። ሕጉ ያቆመውን አጥር አንድ የተለመደ ዐረፍተ ነገር አፈረሰው። በእኔ እምነት፣ ከሚደርሱት የውክልና በደሎች እጅግ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከዚህች ገጽ ነው፤ ብዙዎቹም ሲጀምሩ ክፋት አልነበረባቸውም። ክፋቱ የሚመጣው ዓመታት አልፈው፣ ገንዘብ ሲቸግርና ያ ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ ሲታወስ ነው።

ሌሎቹን የሕግ ነጥቦች በፍጥነት ልለፋቸው። ተወካይ በቅን ልቦና፣ ለወካዩ ጥቅም ብቻ የመሥራት ግዴታ አለበት፤ ወካዩ ሳያውቅ ለራሱ ጥቅም ማግኘት አይችልም። ወካዩ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ስለ ሥራው ሒሳብ ማሳየት አለበት፤ ይህ አንቀጽ 2213 ነው፣ እሱን ብቻ በቃላችሁ ያዙት። የወካዩን ንብረት ለራሱ ቢገዛ፣ ወይም ነገሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተመሳጥሮ ጥቅሙን ከወካዩ ጥቅም ጋር ቢያጋጭ፣ ወካዩ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ወካዩም ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። «ይህ ውክልና ፈጽሞ አይሻርም» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ሕጉ ለዚያ ቃል ዋጋ አይሰጠውም። የመሻር መብት አስቀድሞ የሚሸጥ መብት አይደለም።

የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ደግሞ የውክልና ሰነድም ሆነ የውክልና መሻሪያ ሰነድ በሚመለከተው አካል እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ብዙዎቻችን እስካሁን «ውልና ማስረጃ» የምንለው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። እዚያ ያለው ባለሥልጣን የፈራሚውን ማንነት ብቻ ሳይሆን ችሎታውንም ማረጋገጥ አለበት። ማንበብ ለማይችሉና ዐይነ ስውር ለሆኑ ወገኖችም ሕጋችን ተጨማሪ ጥበቃ አድርጓል፤ በአንቀጽ 1728 መሠረት ፊርማቸውም ሆነ የጣት አሻራቸው በዳኛ ወይም በዚህ ዓይነቱ ባለሥልጣን ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም። ቤት ውስጥ፣ ማታ፣ «እዚህ ጋ አሻራሽን አሳርፊ» ተብሎ የተሠራ ወረቀት እንግዲህ ምንም ማለት አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። አደጋው መቼ ነው የሚገባው?

አንዲት እናት እናስብ። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ባላቸው የተውላቸው ግቢ ቤት አላቸው። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፤ አንዱ አብሯቸው ይኖራል፣ አንዷ ባለትዳር ናት፣ ሌላው ውጭ አገር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ልባቸው ሙሉ ሳለ፣ አብሯቸው ለሚኖረው ልጅ ያን ረጅም ዐረፍተ ነገር ያለበትን ውክልና ሰጡት። ከዚያ በኋላ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ምድጃ ላይ ያለ ወጥ ይረሳሉ። ቀጥሎ የልጅ ልጃቸውን ስም። በኋላ የሞተ ወንድማቸውን «ምሳ በልቶ ሄደ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቤተሰቡ «እርጅና ነው፣ ጃጅተዋል» ብሎ ያልፈዋል። የመርሳት በሽታ ነው ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚወስዳቸው የለም።

በዚህ ጊዜ ሕጉ ምን ይላል? አንቀጽ 2232 የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ያበቃል ይላል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ያው ሕግ በሌላ ቦታ፣ በአንቀጽ 196፣ ማንም ሰው ችሎታ እንዳለው ይገመታል ይላል። ይህም ትክክል ነው፤ እርጅና ብቻውን የማንንም መብት መግፈፍ የለበትም። ስለዚህ ችሎታ ማጣት መረጋገጥ አለበት። ለዚህ ሁነኛው መንገድ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሰውየው ከአንዳንድ ሥራዎች በፍርድ እንዲከለከልና አሳዳሪና ሞግዚት እንዲሾምለት መጠየቅ ነው።

እንግዲህ እነሆ ቀዳዳው! እናት ልባቸው ከደከመበት ቀን ጀምሮ ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ ወራት ወይም ዓመታት ይሄዳሉ። በነዚያ ዓመታት እናት ራሳቸው ውክልናውን መሻር አይችሉም፤ መስጠታቸውንም ረስተዋል። ሒሳብ አሳየኝ ብለው መጠየቅ አይችሉም። ወረቀቱ ግን ያው ወረቀት ነው፤ ማኅተሙ አልደበዘዘም። ባንክ ያለው ሠራተኛ እናት እንደታመሙ አያውቅም። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ አያውቅም። ገዢው አያውቅም፤ ወይም እንደማያውቅ ይሆናል። የሚያውቀው አብሯቸው የሚኖር ሰው፣ ጎረቤት፣ የዕድር ጓደኛ፣ የንስሐ አባት ብቻ ነው። የደካማ ዘመድ ጥበቃ ከመሥሪያ ቤት ሊጀምር የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሚያውቀው ሰው ነው የሚጀምረው። የሚያውቀው ሰው ደግሞ እኛ ነን።

ሁለተኛውም ቀዳዳ እንዲሁ ነው፤ ሞት። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ ንብረቱ የወራሾች ይሆናል። ሆኖም ቤተሰቡ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ አርባው ሳይወጣ፣ በሟች ውክልና ከባንክ ገንዘብ የሚያወጣ አለ። ይህን የሚያደርግ ሰው «ለተዝካሩ ወጪ ነው» ቢልም ሥልጣን የለውም። ለተዝካር የሚሆነውን ወራሾች ተሰብስበው ይፈቅዳሉ።

በዚህ ላይ ከውጭ አገር ልጆቻችሁ ጋር የሚያገናኝ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ዘንድ ሄደው አሜሪካ ይኖራሉ፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ናቸው። እዚያ የሚሰጥ ውክልና ከእኛው የተለየ ጠባይ አለው፤ ሰነዱ ሌላ ካላለ በቀር፣ ወካዩ አእምሮው ቢደክምም ውክልናው ይቀጥላል። ለዚያው ጊዜ ተብሎ የተበጀ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚፈርሙ እናትና አባት ለማን እንደሚፈርሙ ከእኛም የበለጠ ሊያስቡ ይገባል፤ ልባቸው በደከመ ጊዜ ሊሽሩት አይችሉምና። በቋንቋቸው ተነቦላቸው ሳይረዱ የፈረሙት ወረቀት እንዳለ ልጆቻችሁን ጠይቁ። በተገላቢጦሹም፣ ውጭ ያላችሁ ልጆች በኤምባሲ በኩል ለወንድማችሁ ወይም ለአጎታችሁ የምትልኩት ውክልና አለ። ርቀት ጤነኛውን ሰው እንኳ ደካማ ያደርገዋል። ዛሬ የምለው ሁሉ ለእናንተም ይሠራል።

ምልክቶቹን እንዴት እናያለን? በደል ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ግን ዱካ ይተዋል። ሽማግሌው ሁልጊዜ በኪሳቸው ይይዙት የነበረው የባንክ ደብተር ሲጠፋና «ልጄ ይዞታል» ሲሉ፤ የቤቱ ካርታ ከሣጥን ሲወጣ፤ ተከራዩ «እኔ ከፍያለሁ» እያለ እናት ግን የመድኃኒት መግዣ ሲያጡ፤ ቀድሞ የሚመላለሱ ዘመዶች «ተኝተዋል፣ ደክመዋል» እየተባሉ ከበር ሲመለሱ፤ የማይታወቅ ሰው ግቢውን ለክቶ ሲሄድ። ከነዚህ አንዱ ብቻ በደል ነው ማለት አይደለም። ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን ዝም ማለት ኃጢአት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ያ የተዘጋ በር ነው። ሽማግሌን ከሰው መነጠል የዘረፋ መጀመሪያ ነው።

አሁን ምን እናድርግ? አባቶቻችን «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይላሉ፤ ከመከላከሉ እንነሳ።

ወላጅ ልቡ ሙሉ ሳለ የሚሰጠው ውክልና ጠባብ ይሁን። ለጡረታ ከሆነ ለጡረታ ብቻ። ለኪራይ ከሆነ ለዚያ ቤት ኪራይ ብቻ። የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት፤ አንድ ወይም ሁለት ዓመት፤ ካስፈለገ ይታደሳል። ቤት የመሸጥ፣ በስጦታ የማስተላለፍና ሌላ ሰው የመወከል ሥልጣን ለአረጋዊ ወላጅ በሚዘጋጅ ጠቅላላ ውክልና ውስጥ መግባት የለበትም ባይ ነኝ። ቤቱ መሸጥ ካለበት ለዚያ ሽያጭ ብቻ፣ ልጆች ሁሉ እያወቁ፣ ዋጋው በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ ተጽፎ፣ ሌላ ውክልና ይሰጥ። ሁለት ልጆች በአንድነት ካልሆነ በቀር እንዳይፈርሙ ማድረግም ይቻላል። ትንሽ ያደክማል፤ ግን ሁለት ዐይን ከአንድ ይሻላል።

ባልና ሚስት በሕይወት ካሉ ደግሞ አትርሱ፤ በቤተሰብ ሕጉ መሠረት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። አባት የሰጡት ውክልና የእናትን ድርሻ አይዝም።

ሰነዱን ለወላጅ የሚያነብላቸው ተወካዩ ራሱ አይሁን። ሌላ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ከዕድሩ አንድ ሰው ያንብብላቸው፤ ተወካዩም በሌለበት «ገብቶዎታል ወይ? ፈልገውታል ወይ?» ተብለው ይጠየቁ። ሰነድ የሚያረጋግጡ ባለሙያዎችም አረጋውያንን ብቻቸውን ቢያነጋግሩ ምን ያህል እንባ ያድኑ ነበር! ይህን በየመድረኩ እላለሁ፤ ዛሬም እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትልቁ ነገር ሒሳብ ነው። «የገዛ ልጄን ሒሳብ አምጣ እላለሁ?» የሚል እፍረት በቤታችን ሞልቷል። እናቶቼና አባቶቼ፣ ሒሳብ መጠየቅ ሕጉ የሰጣችሁ መብት እንጂ ልጅን መጠርጠር አይደለም። አንድ ደብተር ይከፈት። የገባው፣ የወጣው፣ ደረሰኙ። በየሦስት ወሩ ልጆች ሁሉ ባሉበት፣ ውጭ ያለውም በስልክ እየሰማ፣ ይነበብ። ይህ ደብተር ማንን እንደሚያድን ታውቃላችሁ? ያን ሲሮጥ የኖረውን ታማኝ ልጅ ነው። ወላጅ ባለፉ ጊዜ ወንድሞቹ «አንተ በልተኸዋል» ብለው ሲነሡበት በእጁ የሚይዘው ነገር ይኖረዋል። ደብተር ስላልያዙ ብቻ በሐሰት የተጠረጠሩ፣ ከእኅት ወንድሞቻቸው ጋር ዳግም ማዕድ ያልቀረቡ ሰዎች አሉ።

በደሉ ከጀመረስ? ወላጅ ልባቸው ጤነኛ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። ብቻቸውን አነጋግሯቸው፤ ፈቃዳቸው ከሆነ ውክልናውን ይሻሩ። መሻሪያው መመዝገብ አለበት። መራመድ የማይችሉ ከሆነ የማረጋገጫ አገልግሎቱ ካሉበት ቦታ ድረስ እንዲመጣ ማመልከት ይቻላል። መሻሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ዋናው ወረቀት ከተወካዩ እንዲመለስ ጠይቁ። ከዚያም ለባንኩ፣ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ፣ ለተከራዩ የመሻሪያውን ቅጂ በማስፈረም አድርሱ። መሻሩን ሳያውቅ በቅን ልቦና የተዋዋለ ሰው ነገሩን ያወሳስብባችኋልና።

ልባቸው ከደከመ ግን መሻር አይችሉምና «እንፈርምላቸው» ብላችሁ እጃቸውን አትያዙ። ይህ ሌላ በደል ነው። ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው፤ እንደ አማኑኤል ባለ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ተመርምረው ማስረጃ ይያዝ። ከዚያ የትዳር ጓደኛ ወይም ዘመድ ለፍርድ ቤት ያመልክት፤ ዐቃቤ ሕግም ማመልከት ይችላል። ቤቱ ሊሸጥ ነው የሚል ሥጋት ካለ፣ ዋናው ጉዳይ እስኪታይ ድረስ የስም ዝውውር እንዳይደረግ የእግድ ትእዛዝ እንዲሰጥ በዚያው ጠይቁ። እግድ በጊዜው ከደረሰ ብዙ ነገር ያድናል፤ ካርታው በሌላ ሰው ስም ከተዛወረ በኋላ ያለው ክርክር ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ሽማግሌው ደግሞ ዓመታት የላቸውም።

እምነት ማጉደልና ማታለል በወንጀል ሕጋችንም ያስጠይቃሉ፤ አንቀጽ 675 እና 692ን ተመልከቱ። ልጅን ለፖሊስ መስጠት ለቤተሰብ መራራ መሆኑን አውቃለሁ። ሽማግሌ መላክ መልካም ነው፤ እኔም ሽምግልናን እደግፋለሁ። ነገር ግን ሽምግልና ቀን ሲበላ ቤት ይሸጣል። ሽማግሌውም ይሂድ፣ የእግዱም ማመልከቻ በዚያው ቀን ይግባ። ሁለቱ አይጣሉም።

በመጨረሻ ለዚህ ዕድር አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። መዝገባችሁ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ወይም የታመሙ አባላት ስም አለ። ለእያንዳንዳቸው በወር አንድ ጊዜ የሚጠይቃቸው ሁለት ሰው መድቡ፤ በሩ ቢዘጋም የሚያንኳኳ። ጠያቂዎቹ የንብረት ነገር መመርመር የለባቸውም፤ ገብተው ቡና ይጠጡ፣ ሽማግሌውን ብቻቸውን ያነጋግሩ፣ ያዩትን ለኮሚቴው ይንገሩ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃል። ዛሬ ጉባኤ ላይ ናችሁ፤ ዛሬውኑ ልትወስኑት ትችላላችሁ።

እናንተ ልጆች ደግሞ ዛሬ ቤት ስትገቡ እናት አባታችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውክልና ሰጥታችኋል ወይ? ለማን? ምን ምን እንዲያደርግ? ወረቀቱን አስመጡና ፊታቸው አንብቡት። ያልፈለጉት ቃል ካለበት ልባቸው ሙሉ ሳለ፣ በዚህ ሳምንት፣ ይስተካከል። ውክልና አደራ ነው፤ ርስት አይደለም።

ከጉባኤው በኋላ እዚሁ እቆያለሁ። የውክልና ሰነድ ቅጂ የያዛችሁ አምጡልኝ፤ አንድ በአንድ አብረን እናነባለን።